ከቀብር በፊት ያሉትን ሳምንታት እንቁጠር

በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የመቃብር ስፍራ ጸሐፊዎች አንድ ተጨማሪ ሥራ መጣባቸው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ የማኅበረሰብ ጤና ተመራማሪዎች ፎርም ይዘው ወደ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፣ ወደ ሙስሊም መቃብሮችና ወደ ማዘጋጃ ቤት መካነ መቃብር ሄዱ። በየቀኑ የሚቀበረው ሰው ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ እንዲሁም ቀባሪው «በዚህ ሞተ» ያለው ምክንያት እንዲመዘገብ አደረጉ። ኤድስ ከተማዋን እያራቆታት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስንት ሰው እንደወሰደ በአኃዝ የሚናገር መዝገብ ግን አልነበረም። ቀባሪው የበሽታውን ስም ላይጠራ ይችላል፤ «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይል ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ያንንም ጻፉት፤ ከዚያ ከቤተሰቦቹ ጥቂቱን እየመረጡ ቤታቸው ድረስ ሄደው የአሟሟቱን ታሪክ ጠየቁ።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ያው መዝገብ የኤድስ ሞት ሲያሽቆለቁል አሳየ። መድኃኒቱ ከተማውን እንደደረሰ የመሰከረው የሆስፒታል ሪፖርት ብቻ አይደለም፤ የቀብር ቆጠራውም መሰከረ።

የእኔ ትውልድ የዚያ ዘመን ወጣት ነው። ጓደኛ ቀብሯል፣ ታላቅ ወንድም አስታሟል፣ ድንኳን ሲተክልና ሲነቅል ከርሟል። ያ መዝገብ ግን የተዘጋጀው ለሌላ ጥያቄ ነበርና አንድ ነገር አልያዘም። የተቀበረው ሰው ከመቀበሩ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሕመሙ ምን ያህል ነበር? ሌሊት ሲያቃስት የሚያስታግስለት ነገር በቤቱ ነበር? ያስታመመችው ልጅ ምን እንደምታደርግ የነገራት ባለሙያ አግኝታለች? ይህን የሚመልስ ሰነድ ያኔም አልነበረም፤ ዛሬም በአብዛኛው የአገራችን ወረዳ የለም። ይህ ጽሑፍ ጥሪ ነው። የሚጠራውም ያንን ሰነድ በጋራ እንድንሠራ ነው።

የምናገረው ስለ ማስታገሻ ሕክምና ነው፤ ባለሙያዎቻችን ፓሊየቲቭ ኬር ስለሚሉት። ሐሳቡን በዘመናዊ መልኩ ያቆመችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። ነርስ ነበረች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ሆነች፣ በመጨረሻ ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን በጽኑ የታመሙ ሰዎች ማስታመሚያ ከፈተች። ካንሰር አጥንቱን የሚበላው ሰው የሚሠቃየው በአጥንቱ ብቻ እንዳልሆነ አስተማረች። ዕዳው፣ የልጆቹ ነገር፣ ያላስታረቀው ወንድሙ፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ፣ ይህ ሁሉ ሕመሙ ውስጥ አለ። እኛ አገር ይህን የማያውቅ አስታማሚ ያለ አይመስለኝም። የሌለን መድኃኒቱና ሥርዓቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንዲህ ይላል፤ በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ የሚያገኘው 14 በመቶው ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ያወጣው ስሌት ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በዓለም ከሚሠራጨው 298.5 ሜትሪክ ቶን የሞርፊንና የመሰሎቹ መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በየስብሰባው ይነበባሉ፤ አንባቢውም ተሰብሳቢውም ያዝናል። ከስብሰባ በኋላ ግን ለአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ምንም አይነግሩትም። እሱ ማወቅ ያለበት የራሱን ነው። በወረዳዬ ዘንድሮ ይህ ሕክምና ያስፈለጋቸው ስንት ናቸው? ያገኙትስ? ያላገኙት የት ቀበሌ ናቸው?

ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕሙማንን ቤት ለቤት ይጎበኛል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔቫ ላይ አገሮች ሁሉ የማስታገሻ ሕክምናን ከመደበኛ የጤና አገልግሎታቸው ጋር እንዲያዋሕዱ ወሰነ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 አገር አቀፍ መመሪያ አወጣ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማኅበር፣ ለሕክምና ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አዘጋጅቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ማረፊያ የሚያስፈልገው ሰው ሕክምናው ወደ እሱ ስላልሄደ እሱ ወደ ሕክምናው የሄደ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጂንካ፣ ከጋምቤላ፣ ከመተማ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ፍልውሃ አካባቢ ወይም መርካቶ አልጋ ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ከብቱን ሸጦ የመጣው ገበሬ ገንዘቡ ሲያልቅ «አገርህ ግባ» ይባላል። የሄደበት ቦታ ምን እንደሚጠብቀው ማንም አልለካም።

እንለካ ከተባለ ታዲያ ምኑን?

እ.ኤ.አ. በ1966 አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባለ ምሁር የሕክምና ጥራት በሦስት ወገን ሊታይ እንደሚችል ጻፈ፤ ምን አለ፣ ምን ተደረገ፣ ምን ውጤት መጣ። የእኛ ሪፖርት በአብዛኛው የሚኖረው በመጀመሪያው ላይ ነው። ስንት ባለሙያ ሠለጠነ? ክፍል ተሰጥቷል ወይ? ሞርፊን አለ ወይስ የለም? እንዲህ ያለው ጥያቄ ለመመለስ ቀላል ነው፤ ለመዋሸትም እንዲሁ። የሠለጠነችው ነርስ በሦስተኛው ወር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ይሆናል፤ በሪፖርቱ ግን ገና አለች። ሞርፊኑ በኦፕራሲዮን ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው በመርፌ የሚሰጠው ነው፤ ቤቱ ተኝቶ ላለ ሕመምተኛ አይደለም።

አንድ የአገራችንን ጉዳይ ልውሰድ። የአርሲና የባሌ አካባቢ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር እንደሚበዛበት የታወቀ ነው። የዚህ በሽታ ሰው መጀመሪያ ቂጣ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በኋላ ውሃም ይተናነቀዋል። ለዚህ ሰው የሞርፊን እንክብል ማዘዝ ከንቱ ነው፤ የሚያስፈልገው በጠርሙስ የሚቀርበው ፈሳሽ ነው። የጤና ተቋሙ ሪፖርት «ሞርፊን፦ አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱም እውነት ነው። ሰውየው ግን እንክብሉ በእጁ እያለ ይሞታል። ስለዚህ የምንለካው የመድኃኒቱን መኖር ብቻ ከሆነ ምንም አልለካንም ማለት ይቻላል። በየትኛው መልክ? በዓመት ስንት ቀን ከመደርደሪያ ጠፋ? መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሰው በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል? አብሮት የሆድ ድርቀት ማለስለሻ ተሰጥቷል? (ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የሚያስቀው ሰው ሞርፊን የሚወስድ ዘመድ አስታሞ አያውቅም። ማለስለሻው ሲረሳ ሕመምተኛው በሆድ ድርቀት ተማሮ ሞርፊኑን ራሱ ይጥለዋል።) ፈሳሹ ሞርፊን የሚወሰደው በየአራት ሰዓቱ ነው፤ እኩለ ሌሊትን እንዴት እንደሚሻገሩ ለቤተሰቡ የነገረው ሰው አለ ወይ?

ተደራሽነትም እንዲሁ ነው። ኪሎ ሜትር የሚያታልል መለኪያ ነው። በሰዓትና በብር ይለካ፤ ከቤት እስከ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፣ በማን ትከሻ። ሐምሌ ላይ ወንዝ ሲሞላ ያለው ሰዓት ጥር ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለምና ሁለት ጊዜ ይለካ። አፋርና ቦረና ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ የቤቱ ቦታ ራሱ ይቀየራል። ጦርነት መንገድ በዘጋባቸው ወረዳዎች የሰዓቱ ቁጥር ትርጉም ያጣል፤ እዚያ «መንገድ የለም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶ ቦታው በአማካይ አይሸፈን። የክልል አማካይ የሚባል ነገር የባሕር ዳርን ሕመምተኛና የሰቆጣን ሕመምተኛ ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። የሚወጣው ቁጥር የማንም አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሕመምን ራሱን መለካት ነው። አንዲት እናት አልጋ ላይ ናቸው እንበል። ነርሷ ገብታ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «አመመዎት እንዴ?» «ተመስገን፣ ምን እላለሁ ልጄ።» ጎረቤታቸው ሐጂም በዚያው ሕመም ላይ ሆነው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ሕመሙም እውነት ነው። ነርሷ ካርዱ ላይ «ደህና ናቸው» ብላ ከጻፈች ግን ሁለቱንም አልሰማቻቸውም።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እዚሁ አህጉራችን ላይ ተሠርቷል። መቀመጫው ካምፓላ የሆነው የአፍሪካ ፓሊየቲቭ ኬር ማኅበር ያዘጋጀው መለኪያ አሥር ጥያቄ አለው፤ ሰባቱ ለሕመምተኛው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው። የሚጠይቀው ስላለፉት ሦስት ቀናት ነው። ሕመምና ሌሎች ምልክቶች፣ ጭንቀት፣ ስሜቱን ለቤተሰብ ማካፈል መቻሉ፣ ሕይወት ዋጋ እንዳላት መሰማቱ፣ ሰላም ማግኘቱ፣ ስለ ነገ ለማሰብ በቂ ምክር ማግኘቱ ይጠየቃል። አስታማሚዋም ምን ያህል መረጃ እንዳገኘች፣ ለማስታመም ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች፣ ምን ያህል እንደምትጨነቅ ትጠየቃለች። መልሱ ከዜሮ እስከ አምስት ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው በእጁ ያሳያል። የተጨበጠ እጅ ዜሮ፣ የተዘረጋ መዳፍ አምስት። እማማ አፋቸው «ተመስገን» እያለ ጣታቸው አራት ሊሆን ይችላል፤ ማመስገናቸውን ሳንነካ አራቱን እንመዘግባለን። የመረጃ ባለሙያዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በሕመሙ ጥያቄ ዜሮ መልካም ነው፣ በሰላሙ ጥያቄ ደግሞ አምስት። ሁሉን ደምሮ አንድ ድምር ማውጣት የሚወድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ የተሠቃየውንና ያረፈውን አንድ ያደርጋቸዋል።

ከጥያቄዎቹ መካከል እኛ ጋ የሚያደናቅፍ አንድ አለ፤ ስለ ነገ የማሰቡ ነገር። በአገራችን ክፉ ዜና ለባለቤቱ አይነገርም። ሐኪሙ ልጁን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ይነግረዋል፣ ልጁ «አባቴ እንዳይሰማ» ብሎ ይማጸናል፣ አባትየውም አውቆ ዝም ይላል። መርዶ እንኳ በሽማግሌ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር። ይህ ልማድ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሰውን ከድንጋጤ የመጠበቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ኑዛዜ ሳይናገር፣ መሬቱን ሳያወርስ፣ ሳይታረቅ የሄደ ሰው ቤት ውስጥ የሚቀረው ክስ ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲንከራተት አይተናል። በእኔ እምነት ጥያቄውን ከመለኪያው ማውጣት ስሕተት ነው፤ ከጥያቄው በፊት «ስለ ሕመምዎ እርስዎ ራስዎ እንዲነገርዎት ይፈልጋሉ ወይስ ለቤተሰብ?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ይሻላል። መልሱም ራሱ ይመዝገብ፤ በየክልሉ ስንቱ «ለእኔ ንገሩኝ» እንዳለ ማወቅ ብዙ ግምታችንን ያፈርሳል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወደ ሆስፒታል ያልመጣውንስ? ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ነው። የሆስፒታል መለኪያ የመጡትን ብቻ ይለካል። ክትትል ያቋረጠውን «የጠፋ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሰውየው ግን አልጠፋም፤ ቤቱ ነው፣ ወይም ጸበል ገብቷል። በኤድስ ዘመን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው የብዙ ሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ነገር ነው። ለማስታገሻ ሕክምናም ያው በር ክፍት መሆን አለበት። የጸበል ቦታ አስተባባሪዎች ዘንድ ደርሶ «በጽኑ ሕመም የተኙ ስንት ናቸው? ማስታገሻ የያዙትስ?» ብሎ የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ ያስፈልገናል፤ የሚጠይቀውም ለመንቀፍ ሳይሆን ለመቁጠርና ለማድረስ ይሁን።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚሞተው ቤቱ ነው። ቤት ውስጥ መሞት መልካም ነገር ነው ብለን እናስባለን፤ በወገን መካከል፣ በራስ አልጋ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 በየዓመቱ ሐዘንተኛ ቤተሰቦችን እየጠየቀች የመጨረሻውን ወራት እንክብካቤ ለካች። ከተገኘው ውስጥ አንዱ ልብ ይሏል፤ ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ ታገሰላቸው የተባሉት በሆስፒስ ከነበሩት ዘንድ በጣም ብዙ፣ በቤታቸው ከነበሩት ዘንድ ግን ጥቂት ነበሩ። የቤት ለቤት ነርስ ያላት፣ መድኃኒቱ በየሰፈሩ ፋርማሲ የሚገኝባት እንግሊዝ እንዲህ ከሆነች የእኛን ቤት ሳንጠይቅ «በሰላም አረፈ» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ቤቱ ይጠየቅ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ዝግጁ የሆነ አገር ብዙ አይገኝም፤ እድር አለንና። እያንዳንዱ እድር የአባላቱን የሞት መዝገብ ይይዛል፤ ማን ሞተ፣ መቼ፣ የየትኛው ቤት። ጤና ጣቢያው የመጡለትን ያውቃል፤ እድሩ የሄዱትን ያውቃል። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ከተቀመጡ የተደራሽነት ልኬት ይገኛል። በዚህ ዓመት በወረዳው ከሞቱት መካከል ለረጅም ጊዜ ታመው የሞቱት ስንት ናቸው? ከእነሱ ውስጥ የማስታገሻ ሕክምና አንድ ጊዜ እንኳ ያገኙት ስንት? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት ሁሉ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባው ግን በገጠሩ ገና አልተስፋፋም። እድሩና የጤና ኤክስቴንሽኗ የቤተሰብ ማኅደር ክፍተቱን ሊሞሉ ይችላሉ። ጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ገጠሩ ቀበሌ ውስጥ አለ፤ እናትና ሕፃን ይቆጥራል፣ አጎበር ይቆጥራል፣ መጸዳጃ ቤት ይቆጥራል። በጽኑ የታመመውን ሽማግሌ የሚቆጥርበት ረድፍ ይጨመርለት ነው የምንለው።

ይህ ቅዠት እንዳይመስል፣ ቡታጅራ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት ጀምሮ፣ ዳባት፣ ግልገል ጊቤ፣ ቀርሳ ኋላ ተከትለው፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ልደትና ሞትን በተከታታይ የሚመዘግቡባቸው አካባቢዎች ናቸው። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛውን ቀርበው አሟሟቱን ይጠይቃሉ። እዚያ መጠይቅ ላይ ስለ ሕመም፣ ስለ ሞርፊን፣ ስለ ወጪ፣ ስለ አስታማሚዋ ጥቂት ጥያቄ መጨመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መቼ እንደሚጠየቅ ግን ሥርዓት አለው። በለቅሶው ሰሞን ፎርም ይዞ የሚገባ ሰው ነውረኛ ነው። ክርስቲያኑ ቤት ከአርባው በኋላ፣ ሙስሊሙም ቤት ሽማግሌው «አሁን ይቻላል» ባለ ጊዜ፤ የሚጠይቀውም ከሰፈሩ ውጪ የሆነ፣ ግን ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይሁን። የሰፈር ሰው ፊት አስታማሚ «ጎድሎብን ነበር» ብሎ አይናገርም።

ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ማየት ይገባል። ዩጋንዳ ከ1985 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሞርፊን በዱቄት እያስገባች ከውሃ ጋር በጠርሙስ ትበጠብጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች እንዲያዝዙት በሕግ ፈቀደች። ይህ ውሳኔ የመጣው ሐኪም ከገጠሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ሰዎች ተቀምጠው ስላሰሉ ነው ብዬ አምናለሁ። የኬረላ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በሕንድ ደቡብ ያለችው ይህች ክልል ካሊከት ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጀመረች። ከዚያ ጎረቤቶች ሠልጥነው የሰፈራቸውን ሕሙማን የሚፈልጉበት፣ ነርስ በየቤቱ የምትዞርበት መረብ ተዘረጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የክልሉ መንግሥት የራሱን ፖሊሲ አወጣ፤ የአካባቢ ምክር ቤቶችም በጀት መደቡ። ልብ በሉ፤ ማዕከላዊ መንግሥትን አልጠበቀችም። የእኛም ክልሎች ጤና ቢሮ አላቸው፣ ምክር ቤት አላቸው፣ በጀት አላቸው።

አንድ ስጋት ግን አለኝ፤ እሱን ሳልናገር ጥሪ ማድረግ አይሆንልኝም። ቁጥር እኛ አገር ቶሎ ይበላሻል። ሩብ ዓመት ሲደርስ ሪፖርት የማሳመር ጥበብ በየደረጃው አለ፤ ዕቅዱ 80 ከሆነ አፈጻጸሙ 82 ይሆናል፣ 79 ሲሆን አላየሁም። የሕመም ነጥብ የወረዳ ደረጃ መስጫ ከሆነ ነርሷ የእማማን አራት ጣት ሁለት ታደርገዋለች፤ አለቃዋ ስለሚቆጣት። ይህ ጉዳይ የሚለካው ለመሸለምና ለመቅጣት አይሁን። የወረዳው ቁጥር መጀመሪያ ለወረዳው ሕዝብና ለእድሮቹ ጉባኤ ይነበብ፤ እነሱ የራሳቸውን ሙታን ያውቃሉና ውሸቱን ወዲያው ይለያሉ። «ዘንድሮ በቀበሌያችን ሁሉም በደንብ ታክሟል» የሚል ሪፖርት የአቶ እገሌን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ፊት ሲነበብ ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ለወጣቱ። የጤና መረጃ ትምህርት ተምራችሁ የዲኤችአይኤስ 2 ሥርዓት ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህን ጉዳይ የሚይዙ ጥቂት የመረጃ ረድፎች ቀርጻችሁ በአንድ ወረዳ ሞክሩ፤ ለጤና ሚኒስቴር የሚቀርብ ሐሳብ በሥራ ላይ የታየ ቢሆን ይሻላል። ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ መሣሪያው አለ፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ትግርኛው፣ ሲዳምኛው በየአካባቢው ሰው ተፈትኖ ይስተካከል፤ ከአዲስ አበባ ቢሮ የወጣ አማርኛ ለወሎ አስታማሚም ሁልጊዜ አይገባም። የሕግ ተማሪዎች፣ ሞርፊን ማን ይዘዝ፣ ማን ያጓጉዝ፣ ማን ይያዝ የሚለው ደንብ ላይ ጥናት ሥሩ፤ ሱስ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ለከባድ ሕመም በትክክል ሲሰጥ የተጋነነ እንደሆነ አስረዱ። ባለ መድኃኒት ቤቶችም ወዴት ናችሁ?

በውጭ ያላችሁ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ብቻ ስንት ኢትዮጵያዊ ነርስና የቤት ውስጥ አስታማሚ እንዳለ እናውቃለን። የአሜሪካ ሆስፒስ ውስጥ ሕመም በየፈረቃው እየተጠየቀ ሲመዘገብ በእጃችሁ የያዛችሁት ናችሁ። ገንዘብ መላኩ ይቆየን፤ ያንን ልማድ አስተምሩ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከቤይሩት የተመለሱ እህቶቻችን ደግሞ የሰው አገር ሽማግሌ እያገላበጡ፣ ቁስል እያጠቡ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጡ ዓመታት ያሳለፉ አሉ። ወደ ቀበሌያቸው ሲመለሱ ይህን ሙያ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ለቤት ለቤት ጉብኝት በጎ ፈቃደኛ ስንፈልግ ከእነሱ እንጀምር፤ ደሞዝም እንክፈላቸው።

የእኔ ዘመን ሰዎች፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች አሁን የሆንነው እኛው ነን። መዝገቡ በእጃችን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ያደግን ሰዎች የአባሎቻችንን የመጨረሻ ሳምንታት መደበቅ አያምርብንም። አንድ ነገር ግን ይጠበቅ፤ የሟች ስምና በሽታ ከእድሩ ወጥቶ አይዙር። ለጤና ኬላው የሚሄደው ቁጥርና የቀበሌ ስም ብቻ ይሁን፤ ቤተሰቡ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ አድራሻው ለጠያቂዋ ይሰጥ፤ እምቢ ያለ እምቢ እንዳለ ይመዝገብ፣ ምክንያትም አይጠየቅ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው የጤና ዕቅድ ከዚያ ቀደም ብሎ ይረቀቃል። ረቂቁ ላይ የማስታገሻ ሕክምና ረድፍ እንዲገባ የሚፈልግ ወረዳ እስከ ሚያዝያ የመጀመሪያ ቁጥሩን ጠረጴዛ ላይ ማድረግ አለበት። የሦስት ቀበሌ እድሮች መዝገብ፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ፣ ከቤተሰብ የተጠየቁ ጥቂት ቤቶች ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ የሚያፌዝ የበጀት ኃላፊ ቢኖር፣ የእሱ ጽሕፈት ቤት ያለው ቁጥር ስንት እንደሆነ ይጠየቅ።